ወጣላት ወይስ ወጣባት

ይሄን የምጽፈው ለሚያስል ሰው፣ ደግሞም ቤቱ ውስጥ የሚያስል ሰው ላለበት ነው። ሌላው ቢያልፈው አልቀየምም።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነበር። የእህቴ ልጅ ከስራዋ ስትመለስ ክር ገዝታልኝ መጣች። በር ላይ ተገናኝተን ደረጃውን አብረን ስንወጣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ሰው መንገድ ዘግቶ ተቀምጧል። ጋሽ ልስን ነው። አጠገቡ ድንችና ሳሙና የያዘ ፌስታል አለ። በአንድ እጁ የደረጃውን ብረት ጨብጧል። ትንፋሹ ያፏጫል። እኛን ሲያይ ሊነሳ ሞከረና ተወው።

«እለፉ» አለን። «አየር እየጠበቅኩ ነው።»

ጋሽ ልስን አራተኛ ፎቅ ላይ ጎረቤቴ ነው፤ የሚለየን አንድ ግድግዳ ነው። ስሙ ሌላ ነበር፤ አርባ ዓመት የሰው ግድግዳ ሲለስን ኖሮ ስሙም አብሮ ተለሰነና ጠፋ። እጆቹን ኖራና ሲሚንቶ ጨርሷቸዋል፤ ችፌው በየመገጣጠሚያው ሰነጣጥቋቸዋል። ደረቱም ከእጁ አይሻልም። ሚስቱ ከሞተች ሦስት ዓመት አልፏል።

እውነቱን ልናገር፤ አራት ወር ሙሉ አላናገርኩትም ነበር። «እንደምን አደርክ» እለዋለሁ፣ በሬን እዘጋለሁ። ምክንያቱን እነግራችኋለሁ፤ መጀመሪያ ግን ከደረጃው እናንሳው።

የእህቴ ልጅ የሳንባ ክሊኒክ ነርስ ናት። ክሩን እጄ ላይ ጥላ አጠገቡ ቁጭ አለች፣ እጁን ያዘች፣ ጥፍሮቹን አየች። የሚወስዱት መድኃኒት አለ ወይ ብላ ጠየቀችው።

«እንዴት አይኖረኝ» አለና ከኮቱ ኪስ ቡናማ ጠርሙስ አወጣ፤ አውራ ጣት የምታህል። እንደ ሰሊጥ የደቀቁ ነጭ የስኳር ፍሬዎች አሉባት። ሁለቱን ምላሱ ስር አደረገ።

«ምንድን ነው ያለበት አባባ?»

«ድኝ። ከምድር የሚወጣው ድኝ። ባለቤቴ የሰራችው ነው።»

ልጅቷ እኔን አየችኝ። እኔ ፌስታሉን አነሳሁ።

ደግፈን ቤቱ አስገባነው። እዚህ ሕንጻ ውስጥ እንደሱ ቤት ግድግዳ የለም፤ እንደ እንቁላል ነው፣ እጅ ሲያርፍበት ይንሸራተታል። መስኮቱ ጋ ጠረጴዛ አለ፣ ጠረጴዛው ላይ የሚስቱ የእንጨት ሳጥን፣ ሳጥኑ ውስጥ በመደዳ የቆሙ ትናንሽ ጠርሙሶች። ኮቷ ከበሩ ጀርባ እንደተሰቀለ ነው። ኪሱ ውስጥ መሀረቧ ይታያል። ኮቱ ከበሩ ኋላ ተደብቆ ማንም እንዳይነካው ይመስለኛል በሩን ሁሌ ግድግዳውን ገጭ እስኪያደርግ የሚከፍተው።

ሻይ ሳትጠጡ አትሄዱም አለ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ እጅጌ ያልተገጠመላቸው አስራ አንድ ሸሚዞች ይጠብቁኛል። ልጅቷ ግን ተቀመጠች። ስለዚህ ተቀመጥኩ።

ስለ ሚስቱ ላስረዳ። በልጅነቷ አንድ ሐኪም ቤት ታጸዳ ነበር፤ ሰውዬው ሆሚዮፓቲ በሚሉት የሚያክም ነው፣ እሱ አስተማራት። ድኝ ነው፣ ኖራ ነው፣ ብር ነው፤ ይፈጭና አንድ ጠብታው በመቶ ጠብታ አልኮል ይቀጥናል፣ ይናጣል። ከዚያ ደግሞ አንድ ጠብታ ተወስዶ በሌላ መቶ። እንዲህ እየተባለ ሠላሳ ጊዜ። መጨረሻ ላይ የቀረው የስኳር ፍሬ ላይ ይንጠባጠባል። ሀሳቡ እሾህን በእሾህ ነው፤ ሲበዛ የሚያሳክክ ነገር ሲቀጥን ማሳከክን ያድናል ይላሉ። ሠፈሩ ሁሉ ወደሷ ይመጣ ነበር። ልጆች «እማማ ከረሜላ» ይሏታል፤ ሳያማቸውም እያሳሉ ይመጣሉ።

እኔም ሄጄ አውቃለሁ፤ ጣቶቼ ሲላጡ። አንድ ሰዓት ሙሉ ጠየቀችኝ፤ እንዴት እንደምተኛ፣ በምን እንደምናደድ፣ ሲበርደኝ ምን እንደምመኝ። በሕይወቴ እንደዚያ የሰማኝ ሰው የለም። ከዚያ በኋላ ውሃ ብትሰጠኝም እድን ነበር።

እሷ ስትሞት የቀጠነው ፈሳሽ ያለባቸው ጠርሙሶች ቀሩ። ጋሽ ልስን ሻዩን እየቀዳ አንድ ነገር ለልጅቷ ነገራት፤ እኔም የዚያን ቀን ነው የሰማሁት። ፈሳሹ ወደ ታች ሲደርስበት ውሃ ይጨምርበታል፣ አስር ጊዜ መዳፉ ላይ ይመታዋል፣ ይሞላል። ስኳሩን ከሱቅ ያመጣና ያንጠባጥብበታል።

«አያልቅም» አለ። እንደ ልጅ ደስ ብሎት ነው ያለው። «ሲቀጥን ነው የሚበረታው።»

የእህቴ ልጅ ብርጭቆዋን አስቀመጠች።

«አባባ፣ ልጠይቅዎት። እርስዎ ሲለስኑ አንድ ሲሚንቶ ለስንት አሸዋ ነበር?»

«ለሦስት። እንደ ግድግዳው ለአራት።»

«ሠራተኛዎ አንድ ለመቶ ቢቀይጥብዎትስ?»

«በካዞላ እያሯሯጥኩ አባርረው ነበር።» ካዞላ የለሳኝ ማንኪያ ነው፤ የሱ አሁንም ሚስማር ላይ ተሰቅሏል።

«ከዚያ ቅይጥ አንድ ጭልፋ ወስዶ እንደገና በመቶ ቢቀይጥስ? ሠላሳ ጊዜ?»

ሳቀ። ሳቁ ወደ ሳል ተቀየረበትና እስኪመለስ ጠበቅን። «ግድግዳ ሌላ ነው፣ ሰው ሌላ ነው» አለ ዓይኑን እየጠረገ።

እሷ ግን አለቀቀችውም። ወደ አስራ ሁለተኛው ቅጥነት ከተደረሰ በኋላ ጠርሙሱ ውስጥ አንዲት የድኝ ቅንጣት እንኳ መገኘቷ እንደሚያጠራጥር፣ ከዚያ ወዲያ የሚናጠው ውሃና አልኮል ብቻ እንደሆነ፣ ብዙ ሰው ላይ ተሞክሮ ከባዶ ስኳር እንዳልበለጠ በትህትና አስረዳችው። «አባባ» እያለች፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝና» እያለች። እኔ ብሆን ሁለት ቃል ይበቃኝ ነበር።

እሱ አንገቱን ደፍቶ ሰማ። ከዚያ ቀና አለና ኮቷ ወደተሰቀለበት አየ።

«ልጄ» አለ፣ «አንዳንድ ነገር ሲቀጥን ይበረታል። እሷ ቤት ውስጥ እያለች ድምጿን አልሰማውም ነበር። ትናገራለች፣ እኔ ጋዜጣ አነባለሁ። አሁን አንድ ጊዜ ኩሽና ውስጥ ክዳን ሲወድቅ እሷ ናት ብዬ እነሳለሁ። በየዓመቱ ይብስብኛል። ታዲያ ማን ነው ሲቀጥን ይጠፋል ያለው?»

ምን ትሉታላችሁ? እኔማ ሸሚዞቹንም ረሳኋቸው።

የእህቴ ልጅ «እሱ ናፍቆት ነው አባባ» አለች። «ናፍቆት ይበረታል። ደረት ውስጥ የሚያብጠው ቱቦ ግን ናፍቆት አያውቅም። እሱ የሚያውቀው ያልቀጠነ መድኃኒት ነው።»

«እኔ ሽማግሌ ነኝ» አለ። «ብሞትም ከሷ ፍሬ ጋር ልሙት። ማንን ጎዳሁ?»

እዚህ ላይ ትዕግስቴ አለቀ። ብዙም አልነበረኝ።

«የልጅ ልጅህን» አልኩት።

አሁን ምክንያቱን ልንገራችሁ። የልጅ ልጁ ሰባት ዓመቷ ነው። በአያቷ ወጣች፤ ችፌውም የሱ ነው፣ አስሙም የሱ ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ አስር ቀን እሱ ጋ ልትቆይ መጣች። እናቷ ሁለት ነገር አስይዛት ነበር፤ ቅባትና በአፍ የሚሳበውን ፓፍ። ጋሽ ልስን ሁለቱንም ቁምሳጥን አናት ላይ ሰቀላቸው። ቅባት ቆዳውን ይዘጋና በሽታውን ወደ ደረት ይመልሰዋል ብሎ ያምናል፤ ፓፍ ደግሞ ሱስ ነው። ጠዋት ሁለት ፍሬ፣ ማታ ሁለት ፍሬ። በሦስተኛው ቀን ክርኗና አንገቷ ቀላ፣ ተላጠ። ደስ አለው። በሬን አንኳኩቶ «እየወጣላት ነው» አለኝ። እኔም ሰው ተብዬ «እሰይ» ብዬው ወደ ስፌት መኪናዬ ተመለስኩ። በዚህ ራሴን ይቅር አልለውም።

በስድስተኛው ቀን ጠዋት ማፏጨት ጀመረች። ጠበቀ። ከምሳ በኋላ አንድ አረፍተ ነገር መጨረስ አቃታት። አሁንም ጠበቀ፤ ከመሻሉ በፊት ትንሽ ይብሳል ተብሎ ተነግሮታላ። በግድግዳው በኩል ሰምቼ ስገባ ከንፈሯ ሰማያዊ ነው። አንስቻት አራት ፎቅ ወረድኩ። አንገቴ ላይ የልኬት ሜትሬ እንዳለ ያየሁት ታክሲ ውስጥ ነው። ዳነች። እናቷ ግን ከዚያ ወዲህ አላመጣቻትም፤ ስልኩንም አታነሳለትም። አራት ወር። ቅዳሜ ቅዳሜ ተላጭቶ ንጹህ ሸሚዝ ለብሶ መስኮቱ ጋ ይቀመጣል። ማንም አይመጣም። አይቼ አላየሁም እላለሁ።

«የልጅ ልጅህን ነው የጎዳኸው» አልኩት። «በእጄ ነው የያዝኳት፤ ማንን ጎዳሁ እንዳትለኝ።»

አላስተባበለም። ብቻ እጆቹን እርስ በርስ እያሻሸ፣ «እየወጣላት መስሎኝ ነው» አለ። «ቆዳዋ ላይ ሲወጣ በሽታው ከውስጥ እየወጣ ነው ብዬ ነው። ሽፍታ ሲወጣ እሰይ ነው የሚባለው።»

የልጅቷን ነገር ያኔውኑ ከእኔ የሰማችው የእህቴ ልጅ ወንበሯን ወደሱ አስጠጋች።

«አባባ፣ ሽፍታው ወጣላት ነው ወጣባት?»

«ምን?»

«ወጣላት ካልን በሽታው ከሷ ሄደ ማለት ነው። ወጣባት ካልን እሷ ላይ ተቀመጠ። የትኛው ነው?»

«ያው ወጣ ነው እንጂ። አንድ ፊደል ነው።»

«አንድ ፊደል ነው። ግን የልጅቷ ነገር ያለው ያቺ ፊደል ላይ ነው። ችፌው እስከ ስድስተኛው ቀን ክርኗ ላይ ነበር ወይስ ሄዷል?»

«ነበር።»

«ደረቷስ?»

ጋሽ ልስን ሻዩን ቆዳ እስኪያበጅ አየው። እኔ መስኮቱን ከፈትኩ፤ የምሰራው ነገር ስለፈለግኩ ነው።

ከዚያ ቀስ ብላ አስረዳችው። ችፌና አስም አንድ እናት የወለደቻቸው ናቸው፣ ከውስጥ ወደ ውጭ የሚጓዝ መንገደኛ የለም። የተሰነጠቀ ቆዳ እንደተሰነጠቀ ልስን ነው፤ አቧራውም ጀርሙም ይገባበታል፣ ውስጥ ያለውን እርጥበት ያስወጣል። ቅባት በሽታ አያስገባም፣ ስንጥቁን ይሞላል። ይሄን ሲሰማ ጋሽ ልስን ራሱን ነቀነቀ፤ ስንጥቅ ምን እንደሚያደርግ እሱን ማን ያስተምረዋል? የደረቱም ጉዳይ እንዲሁ ነው አለችው። ቱቦዎቹ ከውስጥ ያብጣሉ፣ መንገዱ ይጠባል። በየቀኑ የሚሳበው ፓፍ እብጠቱን ያበርዳል። ሱስ አይደለም፤ ጥርስ መቦረሽ ሱስ ከሆነ ይሄም ሱስ ነው።

ሁሉንም ሰማ። ግን ፊቱ ላይ አንድ ያልወጣ ነገር ነበር። ሰው ተረትቶም የማይሸነፍበት ነገር አለ። መጨረሻ ላይ አወጣው፤ ለሷ ሳይሆን ለእኔ ነው ያለው፣ ሚስቱን የማውቃት እኔ ነኝና።

«እና ውሸታም ነበረች ማለት ነው?»

እንደዚህ መሆኑን አላወቅኩም ነበር። አራት ወር ግትር ነው እያልኩ ስረግመው ነበር። ለካ ፓፉን ከሳበ እሷን ሁለተኛ መቅበር መስሎት ነው።

እኔ አፌን ከመክፈቴ በፊት ነርሷ ጠየቀችው፤ ደረትዎ ክፉኛ ሲይዝዎት እሳቸው ምን ያደርጉ ነበር አለችው። እሱም ተናገረ። ሦስት ጊዜ ሆስፒታል አስገብታዋለች። አንዴ በዝናብ፣ ታክሲ ጠፍቶ፣ በጎረቤት የእቃ ጋሪ ላይ አስቀምጣ ገፍታዋለች። መንገድ ላይ ሁለት ፍሬ ምላሱ ስር ታደርግለታለች። ይደርሳሉ፣ ኦክስጅን ይደረግለታል፣ መርፌ ይወጋል፣ በሦስተኛው ቀን ድኖ ይመለሳል።

«ታዲያ የቱ ያዳነዎት ይመስልዎታል?»

«ፍሬው እኮ ቀድሞ ነው የገባው» አለ።

እኔ ሳቅሁ። አልቻልኩም። እሱም የራሱን ንግግር ሰማውና በጢሙ ስር ፈገግ አለ።

የእህቴ ልጅ ግን አልሳቀችም። «አባባ፣ እሳቸው ፍሬውን ሰጥተው ቤት አላስቀመጡዎትም። በዝናብ ገፍተው ወሰዱዎት። ፍሬው የት ላይ እንደሚያበቃ ያውቁ ነበር። ውሸታም እንደዚህ አያደርግም።» ወደተሰቀለው ኮት ዞር አለች። «ልጅቷን ያስቀመጧት እርስዎ ነዎት። እሳቸው ቢኖሩ ኖሮ በመጀመሪያው ፉጨት ጋሪ ይፈልጉ ነበር።»

ጋሽ ልስን ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። የተሰነጠቁት እጆች።  ወንድ ልጅ ሲያለቅስ ማየት አልወድም፣ ተነስቼ ብርጭቆ ማጠብ ጀመርኩ።

ስመለስ የእህቴ ልጅ ሌላ ነገር እያስቆጠረችው ነበር። ሚስትዎ ከፍሬው ሌላ ምን ያደርጉልዎ ነበር አለችው። ከስራ ሲመጣ እጁን ለብ ባለ ውሃ ታጥብና ሳይደርቅ ዘይት ትቀባዋለች። ጓንት ሰፍታለታለች። ሲጋራውን አስትታዋለች፤ እንዴት እንደሆነ እኔ ሰምቻለሁ፣ ሕንጻው ሁሉ ሰምቷል። ወለሉን ሳታረጥብ አትጠርግም ነበር፣ አቧራ እንዳይነሳ። አልጋ ልብሱን ፀሐይ ታወጣለች። የቁጣውን ምክንያት እስኪጨርስ ትሰማዋለች።

«እሳቸው ከሞቱ በኋላ እነዚህን ማን ያደርጋል?» አለችው።

«ማንም።»

«ፍሬው ግን አልተቋረጠም። እንዲያውም ሞልቷል። እርስዎ ግን ደረጃ መውጣት አቃተዎት። እንግዲህ የሳቸው መድኃኒት የትኛው እንደነበረ እርስዎ ይንገሩኝ።»

አንድ ሐቅ ከአንድ ሰው አፍ ሲወጣ ብዙ ጊዜ አጭር ነው። «እጇ» አለ ጋሽ ልስን። «እጇ ነበር።»

በማግስቱ ክሊኒክ ሄደ። እኔ ነኝ የወሰድኩት፤ ሸሚዞቹን አንድ ቀን አዘገየሁ፣ ደንበኛዬ አፏን አሞጠሞጠች፣ አለፈ። ሐኪሙ የትንፋሽ መለኪያ አስነፋው፣ ራጅ አየ፣ ሁለት ፓፍ ሰጠው። ቡናማው በየቀኑ ነው፣ ጠዋትና ማታ፣ ደህና በሆነበትም ቀን፤ ከዚያ አፍ መጉመጥመጥ። ሰማያዊው ትንፋሽ ሲያጥር ነው። ፓፉ የሚሰካበት እንደ ጠርሙስ ያለ የፕላስቲክ እቃም ሰጡት፤ መድኃኒቱ ጉሮሮ ላይ እንዳይቀር ነው። ለእጁ ወፍራም ቅባት በቀን ሦስት አራት ጊዜ፣ እጁ ሳይደርቅ። ክፉኛ ለቆሰለው ቦታ ደግሞ ሐኪሙ በወሰነው ቀን ልክ በስሱ የሚቀባ ሌላ። መጀመሪያ ሲስብ አፉን ከፍቶ አየሩን ሁሉ ለቀቀው፤ «ይሄ ጋዝ ነው እንዴ?» አለ። ነርሷ አምስት ጊዜ አሳየችው። በስድስተኛው ገባው።

ወዲያው ተአምር አልሆነም፤ እንዲህ ብሎ የሚጽፍ ይዋሻል። የመጀመሪያውን ሳምንት «ምንም የለውም» እያለ አሰለቸኝ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ድንቹን ይዞ አንድ ጊዜ ብቻ አርፎ አራተኛ ፎቅ ደረሰ። በሬን አንኳኩቶ ነገረኝና ቤቱ ገባ።

በዚያው ቀን ማምሻ ላይ መጣና ለልጄ ደውይልኝ አለኝ። አንቺን ታምናለች፣ አንቺ ንገሪያት፣ እንደተለወጥኩ ንገሪያት አለ። እምቢ አልኩ። ጥፋቱ ያንተ ነው፣ አፍም አለህ አልኩት። ስልኬን ግን ሰጠሁት፤ የኔን ቁጥር ስታይ ታነሳለች።

አነሳች።  ጋሽ ልስን ስልኩን ከጆሮው አራቀው። ሊዘጋው ነው ብዬ ሳስብ መለሰውና እንዲህ አለ፤

«ልጄ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ማንም አይደለም፣ እናትሽም አይደለችም። ቁምሳጥን ላይ የሰቀልኩት እኔ ነኝ። ስታፏጭ የጠበቅኩት እኔ ነኝ። እንድታምኚኝ አልለምንሽም። መጥተሽ ልጅሽ አጠገብ ቁጭ በይ፣ ከሷ ጋር ብቻዬን አትተይኝ። እንዳያት ብቻ ነው።»

 ልጁ «ቅዳሜ፣ ለሁለት ሰዓት ብቻ» አለችና ዘጋች።

ቅዳሜ መጡ። እናትየው ኮቷን ሳታወልቅ ነው የተቀመጠችው፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ባቡር እንደሚጠብቅ ሰው። ልጅቷ የራሷን ፓፍ ከቦርሳዋ አወጣች፣ አያቷም የሱን አወጣ። ልጅቷ አያቷ ሲስብ አየችና ፈረደችበት፤ «ቶሎ ነው የለቀቅከው፣ እስከ አስር ቁጠር» አለችው። እንደገና ሳበ። ቆጠረችለት። እናትየው ወደ መስኮቱ ዞራ ፊቷን አስተካከለች። ሁለት ሰዓት የተባለው አራት ሰዓት ሆነ። በሦስተኛው ቅዳሜ ኮቷን አወለቀች።

እንግዲህ ምክሬን ልጨርስ፤ እጅጌዎች ይጠብቁኛል። የስኳሩን ፍሬ የምትወስዱ ውሰዱ፣ ስኳር ነው። ግን የልጃችሁን ፓፍ ቁምሳጥን ላይ አትስቀሉ። ቆዳ ሲላጥ «እየወጣለት ነው» አትበሉ፤ ቀቡት። ወለል ሳታረጥቡ አትጥረጉ። የሚያስል ሰው ባለበት ቤት አታጭሱ። አንድ ሰው አረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተው፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ አትጠብቁ፤ ታክሲ ከሌለ ጋሪ ፈልጉ። ከመሻሉ በፊት የሚብስ ነገር ይኖር ይሆናል። ትንፋሽ ግን ከእነሱ አይደለም። ደግሞ ለታመመ ሰው እጃችሁንና አንድ ሰዓታችሁን ስጡት፤ ይሄኛው ሳይቀጥን ነው የሚሰራው። ይሄን ያደረገው ጋሽ ልስን ምን አገኘ ብትሉኝ፤ የእጁ ስንጥቅ ሞላ፣ የሸሚዙን ቁልፍ እጁ ሳይደማ ይዘጋል። አራት ፎቅ ይወጣል። ሌሊቱን ይተኛል፣ እኔም በግድግዳው በኩል እተኛለሁ። የልጅ ልጁ በየሳምንቱ ትመጣለች።

አንድ ነገር ቀረ፤ ይሄኛው ምክር አይደለም።

ባለፈው ቅዳሜ እጅጌ ስገጥም ድምጹን በግድግዳው በኩል ሰማሁት። ከአያቷ ጋር እንዴት እንደተገናኙ ለልጅ ልጁ እያወራላት ነው። በፊትም ለእኔ ጀምሮልኝ ነበር፣ ሁለት ሦስት ጊዜ፤ ሁሌ መሃል ላይ ሳሉ ይይዘውና «በቃ፣ ሌላ ቀን» ይላል። መጨረሻውን ሰምቼው አላውቅም። የስፌት መኪናዬን አቆምኩ።

የአንድ ትልቅ ቤት ውጭ ግድግዳ እየለሰነ ነበር አላት። ከታች አንዲት ልጅ አንሶላ አስጥታለች። ልስኑ ከካዞላው አመለጠውና አስራ ሁለት አንሶላ ላይ ተረጨ። ልጅቷ አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። ቀና ብላ አየችውና «ውረድ» አለችው። ወረደ። ባልዲ ሰጠችው። አስራ ሁለቱንም አንሶላ አጠበ፣ ጨመቀ፣ አሰጣ፤ እሷ ወንበር ላይ ተቀምጣ ፖም እየበላች ታየዋለች። ሲጨርስ እጁ በኖራውና በሳሙናው ቀልቶ ነበር። «አምጣ» አለችው፣ እጁን ያዘች፣ ከኩሽና ዘይት አምጥታ ቀባችው። በማግስቱ ሆን ብሎ እንደገና ረጨው።

የልጅ ልጁ ስትስቅ ሰማሁ። እናትየውም ስትስቅ ሰማሁ። አንድም ጊዜ አላሳለም።

«ከዛስ?» አለችው የልጅ ልጁ።

«ከዛማ» አለ ጋሽ ልስን፣ ትንፋሹ ሳይቆረጥ፣ «ናፈቀችኝ።»